ከኮፈኑ ሥር፦ «የቶዮታን አባት ፎቶ እንስቀል ወይስ ይቅር?»

ውድ አንባቢዎች፣ በዚህ ወር የማነሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ናቸው። ሁለቱ አጫጭር፣ አንዱ ረጅም። ከአጭሩ ልጀምርና ወደ ረጅሙ እንገባለን።

ጥያቄ፦ *ጋሼ፣ አባቴ «ዲኤክስ» የሚላት አሮጌ ኮሮላ አለችው። ሰፈሩ ሁሉ ዲኤክስ ይላታል። ዲኤክስ ምን ማለት ነው? አባቴን ስጠይቀው «ዲኤክስ ማለት ዲኤክስ ነዋ!» አለኝ። (ተማሪ፣ ከሰበታ)*

አባትህ አልተሳሳቱም፤ እኛ አገር ዲኤክስ የመኪናዋ ስም ሆኖ ቀርቷል። ፋብሪካው ግን «ዴሉክስ» ለማለት ነው የጻፈው፤ ከተራዋ ትንሽ ከፍ ያለች፣ ወንበሯና ጌጧ የተሻለ ማለት ነው። ከ30 ምናምን ዓመት በኋላ ወንበሩም ጌጡም አልቋል። ሞተሩ ግን አለ። ለአባትህ ሰላምታ አቅርብልኝ። ዘይት በሰዓቱ ይቀይሩ በልልኝ።

ጥያቄ፦ *ሰላም ጋሼ። እኛ ቱሉ ዲምቱ፣ ከክፍያ መንገዱ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ ጋራዥ ልንከፍት የተነሳን አራት ጓደኛሞች ነን። ሦስታችን መካኒክ፣ አንዳችን ባትላሜራ (የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃና)። ቆርቆሮው ተመትቷል፣ መኪና ከሥር የሚሠራበት ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ የቀረን ስምና ቀለም ነው። እጃችን ላይ የሚገባው መኪና አብዛኛው ቶዮታ ስለሆነ የመሥራቹን ፎቶ በትልቁ አሳትመን በሩ ላይ እንስቀል፣ ጋራዡንም በስሙ እንጥራው አልን። ቦታውን ያከራዩን አባት ግን «ደግሞ ለጃፓን ሀብታም! የራሳችሁ ሰው የላችሁም?» ብለው ተቆጡ። እውነቱን ለመናገር ሰውየውን እኛም ጠንቅቀን አናውቀውም። አንዳችን ቶዮዳ ይላል፣ አንዳችን ቶዮታ። ማነው? ክብር ይገባዋል? ከተገባውስ በምን እናክብረው? (አራቱ ጓደኛሞች)*

ልጆቼ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያላችሁ። ከፎቶው በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ጉድጓዱን ስትቆፍሩ የውሃ መውጫ አበጅታችሁለታል? የናንተ ሰፈር አፈር ዋልካ ነው። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነው፣ ክረምት ላይ ማጥ። እኔ ቃሊቲ የመጀመሪያዋን ጋራዤን ስከፍት ይሄን ረስቼ ሐምሌ ላይ ጉድጓዴ ገንዳ ሆነ። የሰፈር ልጆች እንቁራሪት ሊይዙ ይመጡ ነበር። ደንበኛ ግን አልመጣም።

በሉ ወደ ሰውየው። ዘመኑን የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ስሙ ኪኢቺሮ ቶዮዳ ነው። አዎ፣ በ«ዳ»። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፦ ሰውየው ቶዮዳ፣ መኪናው ቶዮታ። ቶዮዳ በጃፓንኛ የለማ የሩዝ ማሳ እንደማለት ነው። በ1936 ለመኪናቸው ምልክት የሚሆን ሥዕል ከሕዝቡ በውድድር ሲጠይቁ 27 ሺህ ያህል ጎረፈላቸው። ያሸነፈው «ቶዮታ» ብሎ የሣለው ነው። ለአፍ ቀለል አለ፣ በጃፓን ፊደል ሲጻፍም ስምንት ጭረት ብቻ ሆነ። ስምንት ደግሞ እነሱ ዘንድ የዕድል ቁጥር ናት።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ይሄ ቤተሰብ የመኪና ቤተሰብ አልነበረም። የሽመና ቤተሰብ ነው።

አባትየው ሳኪቺ ቶዮዳ ይባላል። የገጠር አናጢ ልጅ ነው። ከእንጨት የሠራት የመጀመሪያ መሸመኛው የፈጠራ መብት ያገኘችው በ1891 ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ መሸመኛ ሲያሻሽል ኖረ። በ1924 ያወጡት ማሽን፣ ያኔ ልጁ ኪኢቺሮም አብሮ ሠርቶበታል፣ መወርወሪያው ላይ ያለው ክር ሲያልቅ ሳይቆም በራሱ ይቀይራል። ከድሩ አንዲት ክር ብትበጠስ ደግሞ ወዲያው ቀጥ ይላል።

ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ ይሄ ነገር ቶሎ ይገባችኋል። እጁ መወርወሪያውን ይወረውራል፣ እግሩ ይረግጣል፣ ዓይኑ ግን ከድሩ አይነሳም። አንዲት ክር ተበጥሳ ሳያያት ካለፈ ጋቢው ላይ ጠባሳ ሆና ትቀራለች። የሳኪቺ ማሽን ያንን የሸማኔ ዓይን ብረቱ ውስጥ ከተተው። የተበላሸ ጨርቅ እየሠሩ ከመሄድ መቆም ይሻላል፣ ነው ነገሩ። (ሸማኔም ጉድጓድ ውስጥ፣ መካኒክም ጉድጓድ ውስጥ። ይሄን ያሰብኩት አንድ ቀን ካምቢዮ ላወርድ ከሥር ተንጋልዬ ዘይት ዓይኔ ላይ ሲንጠባጠብ ነው።)

በ1929 ፕላት ብራዘርስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የዚህን ማሽን መብት በ100 ሺህ ፓውንድ ሊገዛ ተዋዋለ። ያኔ የሽመና ማሽን አገር ማለት እንግሊዝ ነች። ለእንግሊዝ መሸመኛ መሸጥ ለአፋር ጨው እንደመሸጥ ነው። ለመኪናው ምርምር መነሻ የሆነውም ከዚያ ሽያጭ የመጣው ገንዘብ ነው ይባላል። ኪኢቺሮ ለውሉ ጉዳይ አሜሪካና እንግሊዝ ሲዞር ያየው ግን መኪና ነበር። ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መካኒካል ምህንድስና የተማረ ሰው ነው፤ ዓይኑ ሞተር ላይ ቀረ።

እዚህ ጋ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ተልከው ጃፓን ሄደው ነበር። የዚያን ዘመን የኛ ምሁራን እንደ ጃፓን እንሁን እያሉ በጣም ይመኙ ነበር። እሳቸው እዚያ ሲደርሱ ቶዮታ የሚባል መኪና በዓለም ላይ የለም። ኪኢቺሮ ገና ካሪያ በምትባል ከተማ፣ መሸመኛ ፋብሪካው ጥግ ላይ፣ ትንሽ ሞተር እየፈታ እየገጠመ ነበር። መነሻው ላይ ያን ያህል ሩቅ አልነበርንም።

በ1933 ፋብሪካው ውስጥ የመኪና ክፍል ተከፈተ። አንድ ሸቭሮሌ ገዙና እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈቱት። ለኩ፣ ሣሉ፣ ብረቱን መረመሩ። ብረት ማቅለጥ ለነሱ አዲስ አይደለም፤ የመሸመኛ ብረት ሲያቀልጡ ኖረዋል። ሞኖብሎኮውም፣ ማለትም ዋናው የሞተር አካል፣ ቀላል መስሏቸው ነበር። አልሆነም። የሞተር አካል ውስጡ ውሃ የሚዞርበት ባዶ መንገድ አለው። ያንን ባዶ ቦታ ይዞ የሚቆየው ከአሸዋ የተሠራ ቅርጽ ነው። ቅርጹ ትንሽ ካፈነገጠ ብረቱ አንድ ጋ ይሳሳል፣ አንድ ጋ ይበሳል። ስንቱ ተጥሎ ተመልሶ ቀለጠ። በ1934 የመጀመሪያው ሞተር ሲነሳ ደግሞ ጉልበቱ ከሸቭሮሌው አነሰ። ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ እንደገና ሠሩት።

በ1935 ሜይ ላይ ኤ1 የምትባል የሙከራ የቤት መኪና ወጣች። በኖቬምበር ጂ1 የሚባለውን የጭነት መኪናቸውን ሕዝብ ፊት ሊያቆሙ ወደ ቶኪዮ ነዱት። መንገድ ላይ የመሪው ብረት ተሰበረ።

እስቲ አስቡት። እንግዳ ተጠርቷል፣ ጋዜጠኛ ይጠብቃል፣ ያንተ መኪና ጨለማ ውስጥ መሪው ተሰብሮ ቆሟል። ከሥሩ ገብተው ጠግነው ደረሱ። ከተሸጠ በኋላም ጂ1 መሰበሩን አልተወም። ቆመ በተባለበት ሁሉ የፋብሪካው ሰዎች እየሄዱ ይጠግናሉ፣ ምን እንደተሰበረ ይመዘግባሉ፣ ንድፉን ይቀይራሉ። ዛሬ «ቶዮታ አይሰበርም» የምትሉት ነገር ከዚያ ሁሉ ስብራት የወጣ ነው። እኔ ሰውየውን የማከብረው እዚህች ጋ ነው። ሀብቱን እንርሳው።

ከዚያ ቤት የወጣ ሌላም ልማድ አለ፦ አንድ ነገር ሲበላሽ «ለምን?» ብለህ አምስት ጊዜ ጠይቅ የሚል። ለጋራዥ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ባለፈው ወር አንዲት ቪትዝ ጓርኒሲዮን (በሞተሩና በክዳኑ መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) አቃጥላ መጣች። ለምን? ሞተሩ ግሏል። ለምን? ውሃ አልቋል። ለምን? ራዲያተሩ ያፈሳል። ለምን? ውስጡ ዝጎ ተበልቷል። ለምን? ሹፌሩ ኩላንት ተወደደ ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ የጉድጓድ ውሃ ሲሞላባት ኖሯል። አንደኛው ጥያቄ ላይ ያቆመ መካኒክ ጓርኒሲዮን ቀይሮ ገንዘብ ይቀበላል። ከሦስት ወር በኋላ ያቺው መኪና ትመለሳለች። ሹፌሩም «ፎርጅድ ዕቃ ገጠመልኝ» እያለ ስሙን ያጠፋዋል።

ኩባንያው ለብቻው የቆመው በ1937፣ ኦገስት 28 ነው። በዓመቱ ኮሮሞ በምትባል ቦታ ትልቅ ፋብሪካ ከፈቱ። ከተማዋ በኋላ ስሟን ቀይራ ቶዮታ ተብላለች። ኪኢቺሮ እዚያ ያስገባው ሐሳብ ዛሬ በዓለም የታወቀው «ልክ በሰዓቱ» የሚባለው ነው፦ ዕቃ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ በሚያስፈልገው ልክ ይድረስ፤ መጋዘን ሞልተህ ገንዘብህን አታስተኛ። እውነት ለመናገር ይሄኛውን እኔ አልተከተልኩትም። ዶላር ሲጠፋ ሶማሌ ተራ ያለው ዕቃ በአንድ ጀንበር ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጓርኒሲዮንና የፒስተን ፋሻ አልጋዬ ሥር ድረስ አከማቻለሁ። ባለቤቴ ትመሰክራለች።

አሁን ወደ 1950። ይሄ ታሪክ ሁሌ ያሳዝነኛል።

ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ደቃለች። መኪና የሚገዛ የለም፣ የገዛውም አይከፍልም። ኩባንያው ደሞዝ መክፈል አቃተው። ኪኢቺሮ ሠራተኛ አላባርርም ሲል የቆየ ሰው ነው። ግን ባንኮቹ ካልቀነስክ አናበድርም አሉ፤ 1,600 ሰው ይቀነስ ተባለ። አድማ ተመታ። በመጨረሻ ሰዎቹ ወጡ፤ እሱም ኃላፊነቱ የኔ ነው ብሎ በጁን 1950 ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ። ከለቀቀ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የኮርያ ጦርነት ፈነዳ። ያው የኛ ቃኘው ሻለቃ በኋላ የዘመተበት ጦርነት። የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና በብዛት አዘዘ፤ ኩባንያው ተነሳ። ሰውየው ግን እቤቱ ነው። በ1952 ተመለስ ብለውት እሺ ብሎ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ በማርች 27 ሞተ። 57 ዓመቱ ነበር። ላንድክሩዘር የሚለውን ስም አልሰማም፤ ስሙ የወጣው በ1954 ነው። ኮሮላን አላየም፤ እሷ የመጣችው በ1966 ነው።

ጻድቅ ግን አታድርጉት። የመጀመሪያው ሞተሩ ከሸቭሮሌ የተቀዳ ነው፣ የመጀመሪያዋ መኪናው ቅርጽም ከክራይስለር። ፋብሪካውን ያሳደገው ብቃቱ ብቻም አይደለም፤ በ1936 የወጣው ሕግ የአገር ውስጥ አምራቾችን ከለለና ፎርድና ጂኤም ጃፓን ውስጥ መሥራት አቅቷቸው ወጡ። የሚያመርተው የጭነት መኪናም ለጦር ሠራዊቱ ይሄድ ነበር፤ ያ ሠራዊት እስያን ምን እንዳደረገ ዓለም ያውቃል። ፎቶ ስትሰቅሉ ይሄም አብሮ ይሰቀላል። ደንበኛ ሲጠይቃችሁ መልስ ይኑራችሁ።

እንግዲህ በምን እናክብረው ላላችሁት።

ሌሎቹ ያደረጉትን ልንገራችሁ። አሜሪካኖች በ2018 ታላላቅ የመኪና ሰዎችን በሚመዘግቡበት የክብር መዝገብ ውስጥ አስገብተውታል። ናጎያ ላይ ደግሞ ድሮ አባትየው ይሠራበት በነበረው የሽመና ፋብሪካ ግቢ ሙዚየም ከፍተዋል፤ የተከፈተው ኪኢቺሮ በተወለደ ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በጁን 11፣ 1994 ነው። እዚያ መሸመኛውም መኪናውም አንድ ጣሪያ ሥር ነው ያለው። የሁለተኛው ይበልጥ ይጥመኛል።

የኔን ደግሞ ስሙ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ረዳት ነበርኩ። አንዲት ኮሮላ የፊት ፍሬን ሸራ ቀይሬ ጎማውን መለስኩ። ብሎኖቹን በእጄ አስያዝኳቸው። ከዚያ ሻይ መጣ። ከዚያ አንድ ሰው ክሪክ አበድረኝ አለ። ከዚያ ባለቤቱ መጣና ቁልፉን ሰጠሁት። ብሎኖቹ ተጠብቀው አልታሰሩም። አደባባዩ ጋ ሲደርስ ጎማው ተወልቆ መኪናዋ በፍሬኗ ከበሮ አስፋልቱን ጫረችው። ሰው አልተጎዳም፤ እግዜር ይመስገን። ከተጣመሙት ብሎኖች አንዱን አንስቼ ቱታዬ ኪስ ደበቅሁት። ለምን እንደደበቅሁት ዛሬም አላውቅም። ሌሎቹ ሁሉም ፊት ተቀምጠዋል!

አለቃችን ማታ ኪሴን አስገለበጠኝ። ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ ሽቦ ፈለገ፣ ብሎኑን አሰረና ከመፍቻው ሰሌዳ በላይ ምስማር ላይ ሰቀለው። በካርቶን ቁራጭ ቀኑን ጻፈበት። ስሜን አልጻፈም። ከዚያ አዲስ ረዳት በመጣ ቁጥር «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አለቃችን ወደኔ ይጠቁማል፤ እኔ እነግራለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ነገርኩ። የራሴን ጋራዥ ልከፍት ስወጣ ብሎኑን ከነካርቶኑ አውርዶ ሰጠኝ። ገንዘብ የሰጠኝ ነው የመሰለኝ፤ በጋዜጣ ጠቅልሎት ነበር። አሁን የኔ ግድግዳ ላይ ነው፤ አጠገቡ ሌሎች ስድስት አሉ። ሁለቱ የልጄ ናቸው።

አለቃዬ ኪኢቺሮ የሚባል ሰው መኖሩን አያውቅም ነበር። መፍቻውን ቺያቬ፣ ጎማ ሠሪውን ጎሚስታ፣ ዓመታዊውን ምርመራ ቦሎ እያለ በጣልያን አፍ የጃፓን መኪና ሲያክም ኖሮ ያለፈ ሰው ነው። ግን የሠራው ያንኑ ነው፤ ማሽኑ ክር ሲበጠስ እንደሚቆመው።

ስለዚህ ፎቶውን ከወደዳችሁት ስቀሉት፣ ግን ትልቁን በር ላይ አይሁን። ውስጥ፣ ጉድጓዱ አጠገብ ይሁን። ከጎኑ አንድ ሰሌዳና ምስማር አድርጉ። የመጀመሪያውን የተበላሸ ሥራችሁን ዕቃ እዚያ ስቀሉ፤ ከነቀኑ፣ ከነ«ለምኑ»። አራታችሁም ያጠፋችሁትን ስቀሉ እንጂ የረዳቱን ልጅ ብቻ እንዳታደርጉት፤ ያን ካደረጋችሁ መቅጫ ይሆናል፣ ልጁም እንደኔ ኪሱ መደበቅ ይለምዳል።

ስሙን በተመለከተ «ቶዮታ ጋራዥ» ብላችሁ አትጻፉ፣ ምልክቱንም አታስሥሉ። የንግድ ምልክት ነው፣ ባለቤት አለው። «ቶዮታ እንጠግናለን» ማለትና «ቶዮታ ነን» ማለት ለየቅል ነው። «ኪኢቺሮ ጋራዥ» ካላችሁት ደግሞ ደንበኛ ስሙን መጥራት ሲያቅተው «እነዚያ ጃፓኖቹ ጋ» ነው የሚለው፤ ከዚያ ጃፓኖቹ ሆናችሁ ትቀራላችሁ። ያስተማራችሁ ሰው ማነው? በሱ ስም ጥሩት። ያከራዩዋችሁ አባት «የራሳችሁ ሰው» ያሉት ይሄን ከሆነ ልክ ናቸው።

እሳቸውን ደግሞ አትቀየሙ። እኛ አገር የእጅ ባለሙያ ተከብሮ አያውቅም። ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያልን ስንሰድብ ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አዲስ አበባ የገቡትም በዚያው ዓመት ገደማ ነው። አዋጁና መኪናው አብረው ገቡ፤ መኪናው ወዲያው ተከበረ፣ የሚሠራው ሰው ግን እስካሁን «ግሪስ» ይባላል። እዚያ ጃፓን አንድ የመሸመኛ ሠሪ ልጅ የቀዳው ሞተር ዓለምን ዞረ። እዚህ የሸማኔ ልጅ ሸማኔ መሆኑን ይደብቅ ነበር። ሰውየውን የምታከብሩት ለዚህ ነው ብላችሁ ብትነግሯቸው ያዳምጧችኋል ብዬ አስባለሁ።

እንዲያውም አንድ ነገር ሞክሩልኝ። በዚያ አካባቢ በእሳቸው ዕድሜ ያለ ብዙ ሰው አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ሠርቷል። ቡና ይፈላና ምን ሠርተው እንዳደሩ ጠይቋቸው። መሸመኛ አጠገብ ቆመው የዋሉ ከሆነ፣ ክር ሲበጠስ ራሱ ስለሚቆመው ማሽን እኔ በደብዳቤ ከምነግራችሁ የበለጠ በእጃቸው ያሳዩዋችኋል። ያሉትን ጽፋችሁ ላኩልኝ።

ጥያቄ፦ *ጋሼ፣ ነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ባለቤቴ ቪትዛችንን ሸጠን ኤሌክትሪክ እንግዛ ይላል። ያንተ ቶዮታ ዘመኑ አላለፈም? ቪትዟ ደግሞ በቅርቡ ከፊት ጉብታ ላይ ኳ ኳ ማለት ጀምራለች። (ከለገጣፎ)*

እህቴ፣ እገዳው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ በሚገቡት ላይ ነው፤ በእጅሽ ያለችውን ማንም አልነካትም። ኤሌክትሪኩንም አልቃወምም። ያ ከላይ ያነሳሁት መሸመኛ ሠሪው ሳኪቺ በ1925 ከቤንዚን የሚበልጥ ባትሪ ለሚፈጥር ሰው አንድ ሚሊዮን የን ሽልማት አቅርቦ ነበር። መኪና ሳይሠሩ በፊት ማለት ነው! ጃፓን ነዳጅ የላትም፤ እኛም የለንም። ሽማግሌው ዛሬ ቢኖር ከባልሽ ጎን የሚቆም ይመስለኛል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን እነዚህን ጠይቁ። ማታ የምትቆምበት ቦታ ቻርጅ የሚደረግበት መስመር አለ? ግቢያችሁ ውስጥ መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ ይጠፋል? ያገለገለች ከሆነች ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው በማሽን አይተዋል ወይስ ሻጩ በአፉ ነው የነገራችሁ? ስትበላሽ የሚከፍታት ባለሙያ የት ነው ያለው? እኔ ለምሳሌ አልከፍታትም። ልጄ ሊማር ተመዝግቧል፤ እስኪጨርስ እጄን አላስገባም፤ የዚያ ባትሪ ጉልበት ቀልድ አያውቅም።

ኳ ኳ ያለው ነገር ግን ቆይ የሚባል አይደለም። ጉብታ ላይ ብቻ ከሆነ ከፊት ጎማዎቹ ጋር የተያያዘ ላላ ያለ ነገር አለ ማለት ነው፤ መሪም ሊሆን ይችላል። ከለገጣፎ እስከ ቃሊቲ ሩቅ ነው፣ አውቃለሁ። በቀለበት መንገድ አትነጂያት፤ እዚያው ቅርብሽ ያለ መካኒክ በክሪክ አንስቶ የፊት ጎማውን በሁለት እጁ ወዲህ ወዲያ ያወዛውዝልሽ። ከተወዛወዘ እዚያው ተጠግና ትውጣ። ካልተወዛወዘ ቅዳሜ ጠዋት ይዛችሁልኝ ኑ፤ ከሰዓት በኋላ ሰርግ አለብኝ።